ከአሚን በኋላ የተባለው

ከጓደኞቻችን መካከል እሁድ የማትወጣው እሷ ብቻ ነበረች። እዚህ ዐረብ አገር፣ ሀደት በሚባል ሰፈር፣ ማዳሟ ቤት ትኖራለች። ከአሠሪ ቤት ወጥተን በሰዓት የምናጸዳው እኛ፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር፣ ከአንዲት ፀጉር ቤት በላይ ባለች ክፍል እሁድ ከሰዓት እንሰበሰባለን። የታመመች ካለች፣ ሥራ ያጣች ካለች እንመካከራለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። የተባለውን በስልኬ ቀድቼ የምልክላት እኔ ነበርኩ። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃ ከፍታ ታዳምጠዋለች።

አንድ ሐሙስ ግን እሷ መልእክት ላከችልኝ። ማዳሟ ከነቤተሰቧ ውጭ አገር ልትሄድ ነው፤ እሷን ደግሞ ተራራ ላይ ለምትኖር እህቷ ልትሰጣት። እዚያ ቤት ቀድማ የነበረችውን ልጅ ስልኳን ቀምተዋት ወሬዋ ከጠፋ ቆይቷል። የሚወስዷት ሰኞ ጠዋት ነው። እሁድ ሲመሽ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ በዚያው መጥፋት ትችላለች፤ ጠፍታ የምታድርበት ግን የላትም። የእኔ አከራይ ተጨማሪ ሰው ካየሁ ሁላችሁንም አስወጣለሁ ማለቱን ታውቃለች።

«ስብሰባው ላይ ጉዳዬን አንሺልኝና ቅጂውን ላኪልኝ» አለችኝ። «አንቺ ‹ነይ ብለውሻል› ብትይኝ አላምንሽም፤ ሆድሽ ስለማይችል ትዋሺልኛለሽ። በጆሮዬ ልስማው። ሰው በአፉ ነይ እያለ ሆዱ እንቢ ሲል ድምፁ ያስታውቃል። ያኒ፣ ማለቴ፣ የሰው ሸክም ሆኜ አልኖርም።»

ስልኬ ለዚህ አይሆንም ነበር። የሚይዘው አጠገቡ የምትቀመጠውን ሰብሳቢያችንንና ማራገቢያውን ነው። በር አካባቢ የሚቀመጡት ሲናገሩ ጉምጉምታ ብቻ ይሰማል። ሰብሳቢያችንና ከጎኗ ያሉት ትልልቆቹ ምን እንደሚሉ ደግሞ ሳይቀዳም አውቀዋለሁ። ስለዚህ አብረውኝ ከሚኖሩት ጋር አዋጣንና ቅዳሜ ዕለት፣ ጀማይዜ ሰፈር የማጸዳውን ምግብ ቤት ጨርሼ፣ ማይክ ልመርጥ ሄድኩ።

ሻጩ ፀጉሩ የነጣ ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ልብስ ላይ የሚሰካ አሳየኝ። እሱ የአንድ ሰው ነው፤ ሌሎቻችንን ከቁም ነገር አይቆጥረንም። ቀጥሎ ረጅም ዘንግ የሚመስል አወጣ። ይኼኛው ፊቱን ያዞረበትን ብቻ ይሰማል፣ ከጀርባው ያለውን አያውቅም።

«እንደዚህ ያለች ማዳም ነበረችኝ» አልኩት። ሳቀ።

«ሙስዮ፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው። ጥግ ያለችውም እኩል እንድትሰማ ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ማንን ልትሰልይ ነው፣ ያ ቢንቲ?» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው።

ሦስተኛው ጠፍጣፋና ክብ፣ የሻይ ሰሃን የሚያህል ነበር። ጠረጴዛ መሀል ተቀምጦ ከዙሪያው ሁሉ ይሰበስባል። ሱቁ በር ላይ ቆምኩና ሰው ቤት እንደምናወራው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዳቦ አለ፣ ወተት የለም» አልኩ። መልሶ ሲያሰማኝ ዳቦውም ወተቱም ጥርት ብሎ ይሰማል። ወሰድኩት። እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

እሁድ ማራገቢያውን አጠፋን፤ ላባችን እየተንጠባጠበ ተቀመጥን። ጠረጴዛው ሲነካ እንዳይንኳኳ ከማይኩ ሥር ፎጣ አጥፌ አነጠፍኩ። ጉዳዩን አነሳሁ። ትልልቆቹ ያሉት እኔ የፈራሁትን ነው። ሰብር ታድርግ፣ ትታገሥ፤ ጠፍታ ብትያዝ ይብሳል፤ አዲሲቱ ማዳም ደግ ልትሆን ትችላለች። ክፋት የላቸውም፣ ብዙ አይተው ነው። በር አካባቢ ያሉት ወለል ወለሉን አዩ። ሰው ቤት የከረመ ሰው በጉባኤ መሀል ሲጠየቅ እንዲህ ነው።

ሰብሳቢያችን እጆቿን ለዱዓ ልታነሳ ስትል ማይኩን ዘጋችው። «ዱዓ በማሽን አይያዝም» አለች። የማይኩ ቀይ መብራት ጠፋች፤ ለእኔም ትክክል መሰለኝ። አሚን አልን።

ከዚያ በር ላይ ተጋፍተን ጫማ መፈለግ ጀመርን። የእኛ ሰው ልቡ ያለውን የሚናገረው እዚያ ነው፤ አንድ እግሩን አጥልቆ ሌላውን እየፈለገ። ስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምተነው የማናውቅ አንዲት ረጅም ልጅ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ «ምን ያወያያል? ፍራሼ ለሁለት ይበቃል። ከእኔ ጋር ትተኛለች፣ ኸላስ፣ በቃ» አለች። ሌላዋ ሥራ እፈልግላታለሁ አለች። ትልልቆቹም ሳይቀሩ፣ «እንዲያ ከሆነማ ትምጣ እንጂ!» ብለው ደረጃው በሳቅ ተሞላ። እኔ በደስታ አቅሌን ስቼ፣ መብራቷ መጥፋቷ ከአእምሮዬ ወጥቶ፣ ቅጂውን እዚያው መንገድ ላይ ላክሁላት። «እስከ መጨረሻው ስሚው» ብዬ ጻፍኩበት።

ልብስ ሳጥብ መልሷ መጣ። ከድምፅዋ ኋላ ውሃ ይፈሳል።

«እስከ መጨረሻው ሰማሁት፣ እህቴ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የወንበሩ ሲጥታ እንኳ አይቀርም። ነይ ያለ የለም። ወላሂ አልተቀየምኩም፣ ለሁላችሁም ቤት ጠብቧችኋል። ስልኩን ሳይቀሙኝ አጥፍቼ እደብቀዋለሁ።»

ሳሙና በያዘው እጄ ስልኩን ጨብጬ፣ «ፍራሽ አለ! ነይ! ነይ!» ብዬ ጮህኩበት። መልእክቱ አንድ ምልክት ብቻ አወጣ፤ አልደረሳትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኛው ግን ከበሩ አላለፈም።

ከረጅሟ ልጅ ጋር ሰርቪስ ታክሲ ይዘን ወደ ሀደት በረርን። ሕንፃውን የምናውቀው ሥሩ ባለው ፋርማሲ ነው። ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆምን። እንዳንጣራ ሁለታችንም የመኖሪያ ወረቀት የለንም፤ ፖሊስ ቢመጣ ሦስታችንም አለቅን። ረጅሟ ልጅ ብቻ ወደ ላይ እያየች ደጋግማ አሳለች። ዘበኛው ናጡር የየቤቱን ቆሻሻ ራሱ ተሸክሞ ወረደ፤ ለካ፣ ኋላ እንደነገረን፣ ሻንጣ ስታዘጋጅ እንዳትወርድ ከልክለዋት ነበር። የአንድ ወጥ ቤት መብራት በራ፤ ቆይቶ ጠፋ። የእሷ ይሁን የሌላ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ተመልሰን ስንመጣ ሄደዋል። ልጅቷ ሻንጣ ተሸክማ ከመኪናው ኋላ ገባች አለን ናጡሩ።

አሚን ማለት አስጠልቶኝ ከረመ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ማይኩ ግን ሥራውን አልተወም። ሰብሳቢያችን አሁን ለዱዓ ስትዘጋው እንኳ እጇን ከፊቷ ላይ እንዳወረደች መልሳ ትከፍተዋለች፤ የመጨረሻው ጫማ እስኪወጣ ክፍት ነው። ረጅሟ ልጅ አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ከበር ትመለስና ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ፣ «ፍራሹ አለ» ትላለች። እሱን እልክላታለሁ። እስካሁን የሚያወጣው አንድ ምልክት ነው።