ፒክአፔን ያስነሳልኝ ሰው

ክሪስታል የምትባል ከተማ ስንኖር አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረኝ። አንድ ቀን አልነሳም አለ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከሥሩ ተኝቼ የነዳጅ ፊልተሩን ቀየርኩ፣ ቱቦዎቹን አጸዳሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ባለቤቴ በመስኮት አየት አድርጋኝ ትመለሳለች እንጂ አንድም ቀን አልወጣችም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሟ ከዌስት ሴንት ፖል መጣ። ደሴ እያለ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ቁልፉን እንዳዞር ነገረኝና ጆሮውን ወደ ነዳጅ ታንከሩ አስጠጋ።

"ድምፅ የለውም ጋሼ። የሞተው የነዳጅ ፓምፑ ነው" አለ።

ታንከሩን ከሥር ያወርዳል ብዬ ስጠብቅ፣ የኋላውን የጭነት ሳጥን ብሎኖች ፈታ። ሳጥኑን በአንድ ጎን አንስተን በእንጨት ደገፍነው። ፓምፑ ከላይ ወለል ብሎ ታየ። ይህ እንዴት ለእኔ አልታየኝም?

የመኪና ፓርት ሱቅ ሄጄ አዲስ ፓምፕ ገዝቼ ስመለስ ባለቤቴ ካፖርቷን ደርባ ከወንድሟ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። የፈታቸውን ብሎኖች በእጇ ይዛለታለች። ለእኔ አንድም ብሎን ይዛልኝ አታውቅም።

አዲሱ ፓምፕ ተገጥሞ መኪናው ሲነሳ እልል አለች። "እጅህን ይባርከው!" ስትለው አላስቻለኝም።

"ፊልተሩን እኮ የቀየርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እውነትዎን ነው ጋሼ። አሮጌው ቢሆን ኖሮ አዲሱንም ፓምፕ ያቃጥለው ነበር" አለ፣ ያለ ምንም ፌዝ።

ምነው በተከራከረኝ ብዬ ተመኘሁ። እጄን ልታጠብ ገባሁና እነሱ ውጭ ሲስቁ እየሰማሁ ብዙ ቆየሁ።