ያልሰጠሁት ድምፅ

ብቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው ብዙም አያስጨንቅም ነበር። ያረፈደ መምህር፣ የተደባደቡ ተማሪዎች፣ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ አበቃ። አንድ ዓመት ግን የባዮሎጂ መምህርቷ ጉዳይ መጣብን።

ከደቡብ ተመድባ የመጣች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ነበረች። ሃይማኖቷ ከእኛ ስለሚለይ በጾም ሰሞን ምሳዋን ቤተ ሙከራ ውስጥ በር ዘግታ ትበላለች፤ እኛን ላለማስቀየም ብላ ነው። የተከሰሰችው የማጠቃለያ ፈተናውን ለተማሪዎች አሳልፋ ሰጥታለች ተብሎ ነው። ማስረጃ የተባለው ፈተናውን ያወጣችው እሷ መሆኗ፣ ጥቂት ልጆችም ጥያቄዎቹን ቀድመው ማወቃቸው ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር አይቻለሁ። በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስገባ የፈተናው ፖስታ ተቀዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሱ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ተማሪዎች የፈቃድ ወረቀት ለማስፈረም ይገባሉ፣ ያጡታል፣ ይወጣሉ። እኔም ወጣሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የልጄ የክርስትና አባት ነው። የኮሚቴውም ሰብሳቢ እሱ ነበር።

ስብሰባው ለሰኞ ተቀጠረ። ዓርብ ከክፍል ስወጣ ሰብሳቢው ጠብቆ ክንዴን ያዘና፣ «አበልጄ፣ እንግዲህ ሰኞ አደራህን» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ፣ ወደ አባቴ ሄድኩ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ አሁን ደቀ መዝሙር አይቀበሉም። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና ያየሁትንም የተባልኩትንም ነገርኳቸው። መንገድ ለመንገድ ሳወጣ ሳወርድ ያገኘሁትን መላም አስከተልኩ።

«ድምፅ ሳልሰጥ ብቀርስ አባባ? ደንቡ ይፈቅዳል። ድምፀ ተአቅቦ ይሉታል። በአበልጄ ላይም እጄን አላነሳ፣ በእሷም ላይ አላነሳ። ሕሊናዬ ንጹሕ ይሆናል።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዐቀበ በግዕዝ ምን ማለት ነው?» አሉኝ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪያቸው።

«ጠበቀ።»

«ታዲያ ማንን ልትጠብቅ ነው? ልጅቷን?»

«እሷንም ቢሆን…»

«እሷን የሚጠብቃት ያየኸው ነው። ያየኸውን ውጠህ ከተቀመጥህ የጠበቅኸው ራስህን ነው። ይህን ሕሊና አትበለው፤ የሕሊናን ስም አታጉድፍ።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እሑድ ቅዳሴ አብረን አስቀድሰን ወደ ብቸና ስመለስ፣ ደብረ ወርቅን እስካልፍ ድረስ እንደምናገር ለራሴ እየማልኩ ነበር። ከተማችን ስደርስ ግን አበልጄን፣ ሚስቱን፣ ልጄ የሚስመውን እጁን አሰብኩ። መሐላዬ ላላ።

ሰኞ አምስታችንም ተሰበሰብን። መምህርቷ ገብታ እንደቆመች፣ «ፈተናውን አሽጌ፣ አስረክቤ፣ ፈርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተያዘ የሚያውቅ ካለ ይናገርልኝ» አለች። እያንዳንዳችንን አየችን። እኔ አቀርቅሬ፣ ያለችውን አንድም ቃል ሳላጎድል ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ።

እሷ ወጣች፤ ድምፅ ተሰጠ። ሁለቱ ጥፋተኛ አይደለችም አሉ። ሰብሳቢውና አንድ ሌላ አባል ጥፋተኛ ናት አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሕሊናዬ ስለማይፈቅድልኝ ድምፀ ተአቅቦ» አልኩ።

ሰብሳቢው በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ። «የሕሊና ነገር ነው፤ ይመዝገብ» አለ። በገዛ እጄ መዘገብኩት። ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ስለሚያልፍ ተፈረደባት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደሯ ውስጥ ገባ፤ እሷም ወደ ደብረ ኤልያስ ተዛወረች። የከተማው ልጅ ብትሆን ኖሮ ሽማግሌ በተላከ፣ ዘመድ በጮኸ ነበር። ለእሷ ማን ይጩህላት?

ልትሄድ ስትል መምህራን ማረፊያ ድረስ ፈልጋኝ መጣች።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰው እንደቆመልኝ ሰምቻለሁ። አንዱ አንተ እንደሆንክ ልቤ ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ በሁለት እጆቿ ጨበጠችኝ።

«ኧረ ምንም አይደል» አልኳት።

ድምፄን ለመያዜ ምክንያት ደርድሬ አውቃለሁ። ለዚህች «ምንም አይደል» ግን እስከ ዛሬ ምክንያት አላገኘሁላትም። ቀና ብዬ «እኔ አይደለሁም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ምስጋናዋን ተቀብዬ ሸኘኋት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ብቸና መናኸሪያ አገኘኋት። ለሥራ ልምድ ደብዳቤ መጥታ ስትመለስ ነው። መኪናዋ እስኪሞላ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፖስታውን፣ ክፍቱን በር፣ ያልሰጠሁትን ድምፅ። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይግባኝ ያላልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። «አንተን የመሰለ ትልቅ ሰው ቆሞልኝ ካልተረፍኩ፣ ይግባኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። «ለእኔ አትንገረኝ። የሚጻፍበት ቦታ ጻፈው» ብላ ገብታ ተቀመጠች። መስኮቱ አጠገብ ነበረች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

በዚያው ሳምንት ያየሁትን ጽፌ፣ ፈርሜ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። ጠርተው ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከወራት በኋላ ማስጠንቀቂያው ከማኅደሯ መነሣቱን ሰማሁ። እሷ አልደወለችም፤ ትደውላለች ብዬም አልጠበቅኩ። አበልጄ መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሻግሮ ይሄዳል።

አዲስ የመጡት መምህራን ግን ታሪኩን በሌላ መልኩ ነው የሰሙት። በአበልጁ ላይ እንኳን እውነት የመሰከረ ሰው እያሉ ያከብሩኛል፤ ሻይ ቤት ስገባ ተነሥተው ወንበር ይለቁልኛል። ከመመስከሬ በፊት ስንት ጊዜ እንደቆየሁ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አመስግኜ እቀመጣለሁ።