የኔታን የጠየቃቸው የለም

እስከ ዛሬ ድረስ ስብሰባ ላይ «የምትስማሙ እጅ አውጡ» ሲባል መቀመጥ አልችልም። የእድራችን ሰዎች ድንኳን ለመግዛት እጅ ሲያወጡ እንኳ እኔ ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቢነገር እኔን ደህና ሰው አያስመስለኝማ።

በደርግ ዘመን ወረታ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ የወባ ኪኒን አድላለሁ፣ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ወባው ይነሣል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው፣ ዝንቡ፣ የልጆች ተቅማጥ ይከተላል። ስፈጠር ተጸያፊ ነኝ፤ በዚያ ሥራ ላይ ምን እንዳቆየኝ እኔም አላውቅም። መግሉን ግን ከጊዜ ጋር ለመድኩት።

በወር አንድ ጊዜ ከትልቁ ሆስፒታል አንዲት ፈረንጅ ሐኪም በላንድሮቨር ትመጣ ነበር። የምትፈልገው አንገታቸው፣ ብብታቸው ወይም ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት አብጦ አልሄድ ያላቸውን ሰዎች ነው። ከእብጠቱ ቆርጣ ወደ አዲስ አበባ ትልካለች፤ ቢ ከሚባለው የደም ሴል የሚነሣ ነቀርሳ ነው የሚል መልስ የመጣለት ሰው ጥናት ውስጥ ይገባል። ጥናቱ እንዲህ ነበር፦ ሁሉም የተለመደውን ኪኒን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ በላዩ ላይ አንድ አዲስ መርፌ ይጨመርላቸዋል። መርፌው ለማን እንደሚደርስ የሚለየው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ባለ ዕጣ ነው። አዲሱ ይሻል እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ «ባውቅማ ለምን እሞክራለሁ?» ትለኝ ነበር። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ።

የኔታ ወደ ክሊኒኩ የመጡት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ከወረታ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ባለች ደብር የዜማ መምህር ናቸው። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጥያቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ስገባም አልተቀየሙኝም። አንገታቸው ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ነበር፤ በነጠላቸው ሸፍነውታል። ሌሊት ሌሊት በላብ ይነከራሉ። የአዲስ አበባው መልስ ሲደርስ የበሽታውን ዓይነትና ስለ መርፌው ነገርኳቸው።

«እስቲ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ላስብበት» አሉኝ። «ድጓውን ሊጨርስ የደረሰ ተማሪ አለኝ። እንቢ ማለቴ አይደለም፣ ልጄ፤ ላስብበት ነው የምልህ።»

የጠየቁት ጥቂት ሳምንት ነው። ሐኪሟም ብትሰማ ደስ ብሏት ትጠብቃቸው ነበር።

በዚያ ጊዜ ግን ሰው ከቀበሌው ለመውጣት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከተስማሙ ወረቀቱ እንዳይዘገይባቸው ብዬ ነገሩን ለሊቀ መንበሩ አስቀድሜ ነገርኩት። የሰውዬው ዓይን በራ። «የቤተ ክህነቱ ሰው ጠበሉን ትቶ ለሳይንስ እጁን ሰጠ ብለን ሪፖርት እናደርጋለን!» አለ። ገና እያሰቡበት ነው ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «የሚያስበው ሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትንፋሹ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ያ ሽታ አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተጠራ። መቅረት ያስቀጣ ስለነበር የቀረ የለም። የኔታ ዳር ላይ ካለ ድንጋይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ሊቀ መንበሩ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ድንቁርና፣ ስለ ሳይንስ ብዙ ተናገረና መድኃኒቱ የተረጋገጠ፣ ፍቱን መሆኑን አወጀ። አለመረጋገጡን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ እያየሁ ዝም አልኩ።

«መምህሩ ወደ ሕክምናው እንዲገቡ የምትስማሙ፣ እጅ!»

እጅ ወጣ። ፈርቶ ያወጣ አለ፤ የኔታ እንዲድኑለት ከልቡ ያወጣም አለ፤ በእሱ አልፈርድም። እኔም አወጣሁ። «በሙሉ ድምፅ!» ተባለ፤ ተጨበጨበ። የኔታን የጠየቃቸው የለም።

ሐኪሟ እያንዳንዱ በሽተኛ አንብቦ እንዲፈርምበት የሰጠችኝ ወረቀት ነበር፤ በአንደኛው ገጽ እንግሊዝኛ፣ በሌላው አማርኛ። ሊቀ መንበሩ ከእጄ ነጥቆ የማኅበሩን ማኅተም መታበት። ከዚያ የኔታን አውራ ጣት ይዞ ቀለሙ ላይ አሸው፤ ወረቀቱ ላይም ጫነው። ድጓ በብራና ላይ የሚጽፍ እጅ ነው፤ እንደ መሃይም አስፈረመው። እንዲያነቡት እንኳ አልሰጣቸውም። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሐኪሟ ስትመጣ ማኅተሙን አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «እሳቸው ራሳቸው ተስማምተዋል? በፈለጉ ጊዜ መተው እንደሚችሉ፣ ቢተዉም ሌላ ሕክምና እንደማይከለከሉ ንገርልኝ» አለችኝ።

ሊቀ መንበሩ ከኋላዬ ቆሟል። ወደ የኔታ ዞሬ «ሐኪሟ እግዜር ይማርዎ ይላሉ» አልኩ። የኔታ እጅ ነሡ። ወደ እሷ ዞሬ «ገብቷቸዋል፤ ተስማምተዋል» አልኩ። ላብ እንኳ አላላበኝም፤ እንደዚያ ቀላል ነበር። ራሴን የምጸየፈው በዚህ ነው። ፖስታው ሲከፈት ለየኔታ አዲሱ መርፌ ደረሳቸው።

መርፌው በየሦስት ሳምንቱ ነው። የአካባቢያችንን በሽተኞች ወደ ሆስፒታል ይዤ የምሄደው እኔ ስለነበርኩ ሁሉንም አይቻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አንጀታቸው እስኪገለበጥ አስታወካቸው፤ ባልዲውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። በሁለተኛው ጢማቸው ረገፈ። ያን የሚያህል ነጭ ጢም ትራሱ ላይ ተበትኖ ሲያዩ እየለቀሙ በመሐረብ ቋጠሩት። እብጠቱ ግን እየቀለጠ ነበር። እየዳሰስኩ እከታተለው ስለነበር ከሎሚ ወደ ባቄላ መውረዱን አውቃለሁ። የሌሊት ላባቸውም ቆመ፤ ምግብ መዋጥ ቀለላቸው።

ለሦስተኛው መርፌ በሄድን ቀን ከጎናቸው የተኛው ወታደር፣ እሱም እዚያው ጥናት ውስጥ የነበረ፣ ልብሱን ለባበሰ፤ ሐኪሟን ጨበጣትና ወጣ።

«ምነው፣ ዳነ እንዴ?» አሉኝ የኔታ።

«አይ የኔታ፤ መርፌውን አልፈልግም ብሎ ነው።»

«እንዲህ ማለት ይቻላል?»

መልሴን ሳይጠብቁ የፈረሙበትን ወረቀት እንዳመጣላቸው ጠየቁ። ከፋይላቸው አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የአማርኛውን ገጽ ከላይ ጀምረው ቀስ ብለው አነበቡ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን አወጡ፦ «ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ ይችላል።» ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ያን ቀን ዋርካው ሥር እጅህን ስታወጣ አይቼሃለሁ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «እንግዲህ ቤቴ ልሂድ። ያኔ ላስብበት ያልኩትን አሁን ላስብበት።»

መርፌውን ሳይወጉ ወጡ። ሐኪሟ ለምን እንደሄዱ ጠየቀችኝ። እውነቱን ብነግራት የኔ ጉድ ይወጣል። አፌ ላይ የመጣልኝን ውሸት ጣልኩላት፤ «ጠበል ይሻለኛል ብለው ነው፤ የቤተ ክህነት ሰዎች እንዲህ ናቸው» አልኳት። ወዲያው አመነችኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስተምሩ የኖሩትን ሽማግሌ በአንድ ቃል ኋላ ቀር አደረግኳቸው፤ ሊቀ መንበሩም ከዚህ የባሰ አልተናገረባቸውም።

«ጠበሉንም ይጠጡ፣ መርፌውንም ይውሰዱ፤ እኔ አልቃወምም» አለች ሐኪሟ። «እብጠቱ እየጠፋ መሆኑን ንገራቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመጡ እቀበላቸዋለሁ። የሚጠይቁኝ ካለም ተቀምጬ እመልስላቸዋለሁ።»

እነግራቸዋለሁ አልኩ። አልነገርኳቸውም። ተቀምጣ ካነጋገረቻቸው፣ በሌላ አስተርጓሚ ከሆነ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ያልኩትና ያላልኩት ሁሉ ይገለጣል ብዬ ፈራሁ። በገበያ ቀን ከሩቅ ሳያቸው መንገድ ቀየርኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ።

የኔታ ያረፉት በዚያው ክረምት ሜዳው ውሃ ውስጥ ሳለ ነው። እብጠቱ በአንገታቸው ግራና ቀኝ ተመልሶ ነበር። ጠበል የሚባል ቦታ አልሄዱም፤ እስከ መጨረሻው ሲያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ግን፣ ሦስተኛው ሳምንት ሳያልቅ፣ ሕፃናት ለመክተብ በደብሯ በኩል ሳልፍ አዩኝ። ተማሪዎቻቸውን ዛፍ ሥር ትተው ወደ እኔ መጡ። ጢማቸው ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

«ሐኪሟ ምን አሉ? ተቀየሙኝ እንዴ?»

«ምንም አላሉም።»

«ይመለሱ አላሉም?»

«አላሉም፣ የኔታ።»

«ይሁን እንግዲህ። እኔስ አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ልመለስ ነበር» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።