የአባ ጀማል ቅርንጫፍ

ባለፈው ኅዳር ከጅማ ወደ ሸቤ ስሄድ፣ ሰቃን እንዳለፍን አንዱ ተሳፋሪ የሚኒባሱን መስኮት ከፈተና የቡና ሽታ ገባ። ቀዩ ፍሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ የሚያወጣው፣ ጣፈጥም ሆምጠጥም የሚል ሽታ። ሰው ሁሉ ፊቱ ፈታ አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አባ ጀማል ትዝ አሉኝ።

አባ ጀማል ሸቤ ጎረቤታችን ነበሩ። ቡናቸው ከግቢያችን ጀርባ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ነው። ለቀማ ሲያልቅ መሬት የወደቀውን ፍሬ የሚቃርሙት ልጆች ናቸው፤ ማንም አይከለክልም። እሳቸው ግን ለእኔ ብለው አንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሳይለቅሙ ይተዉ ነበር። የአራተኛ ክፍል ደብተሬና ፕላስቲክ ጫማዬ የተገዙት ከዚያ ቅርንጫፍ ነው።

ከዚያ ባለቤታቸው ታመሙና ጅማ ሆስፒታል ተኙ። የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ እዚያ የለም፣ ከውጭ ግዙ ይባላሉ። መጀመሪያ ላሚቱ ተሸጠች፤ ቀጥሎ የጣሪያው ቆርቆሮ ወርዶ ተሸጠ። በመጨረሻ ቡናውን ለአባቴ በወለድ አገድ አስያዙ፤ ብድሩ እስኪመለስ ፍሬው የአበዳሪው ነው። አባቴ ከዳውሮ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ጸሎተኛ ሰው ነበር። ብሩን ሲሰጣቸው እጃቸውን ይዞ ጸለየላቸው። ሴትየዋ ግን የተገዛው መድኃኒት ሳያልቅ ሞቱ። የተረፈውን፣ የሸጠው መድኃኒት ቤት መልሼ አልቀበልም አለ።

በዓመቱ ለቀማ ሲደርስ አባቴ ቡናውን እንድጠብቅ አዘዘኝ፤ ወዳቂ ፍሬ እንኳ እንዳይነካ ብሎ። አንድ ጠዋት አባ ጀማልን ዛፋቸው ሥር ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። የሸሚዛቸው ጫፍ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ይዘዋል።

"አባቴ ማንም አይልቀም ብሏል" አልኳቸው።

"ልክ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉና ሸሚዛቸውን ለቀቁት። ፍሬው እግሬ ሥር ፈሰሰ። ብድር በምድር ይባላል፤ እኔ ውለታቸውን የመለስኩት እንዲህ ነው። ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅሜ ቅርጫታችን ውስጥ ጨመርኩት። ማታ አባቴ ጎበዝ አለኝ።

በክረምቱ ሳል ያዛቸው። ጎረቤት ሁሉ ሕክምና ይሂዱ እያለ ሲለምናቸው፣ የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ዛፍ ሁለቴ መያዣ አይሆንም።"

ቆርቆሮ በሌለው ቤታቸው፣ በሣር ክዳን ሥር ሞቱ። ብድሩን የሚመልስ ስላልነበረ ቡናው እኛው ጋ ቀረ። ነርስነት የተማርኩት በእሱ ነው።

ባለፈው ኅዳርም ሸቤ የሄድኩት ለለቀማ ነበር። ያንን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ከሁሉ አስቀድሜ የለቀምኩት እኔ ነኝ።