ማንተግቦሽ ያስቆመችው ክርክር

ማንተግቦሽ ፊት ክፉ ቃል ተናግሮ በሰላም ያለፈ ሰው የለም። አንድ ቀን በምትኖርበት በሰው አገር፣ ሰንሻይን በሚባል ባቡር ጣቢያ አንዲት ያገሯ ልጅ ድንችና ሽንኩርቷን ተሸክማ «ኧረ በድካም ሞትኩ!» ብትላት፣ «በኢየሱስ ስም! አልቀበልም በዪ!» ብላ አፋጠጠቻት። ሴትየዋ ቃሏን እስክትመልስ ድረስ ባቡሩ ሁለቱንም ጥሏቸው ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ወጣቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «አፋችሁን ሰብስቡ፣ ሳንሱር መጣች» ይባባላሉ። ይሳቁ። እኔ ግን አልስቅባትም፣ ነገሩ ከየት እንደ ጀመራት አውቃለሁና።

ባሏ ይድነቃቸው ቀልደኛ ነበር። ወጡ ጨው ሲበዛበት፣ ልጅቷ ስታለቅስ፣ ዝናቡ አላቆም ሲል «አንድ ቀን ጥያችሁ ነው የምጠፋው!» ይላል። እሷም «ሂድ እስቲ፣ ማን አብስሎ ሊያበላህ!» ብላ ትስቃለች። በፈረንጆቹ 2011 ሩቅ ከተማ፣ ፐርዝ፣ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ ስልኩም ተዘጋ። በዓመቱ እዚያው አግብቶ መውለዱን ከሰው ሰማች። እሷ ታዲያ በሰውየው ከመፍረድ በራሷ ፈረደች። «አፉን እያየሁ ስስቅ ኖርኩ! አንድ ቀን እንኳ አልቀበልም ብል ምን ነበረበት?» ትላለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ሰምታለች፣ እሷ ግን ወለምታው ሳይደርስ ልትከላከለው ተነሣች።

የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ሂዊ። ይቺ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ጮክ ብላ እንድታነብ ተነሥታ፣ ልጆቹ አነጋገሯን እያስመሰሉ ሳቁባት። በማግስቱም ሳቁ። ከዚያ መናገር አቆመች። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ቀጥሎ አውቶቡስ ላይ፣ በመጨረሻ ቤትም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ለእናቷ የምትመልሰው በቅንድቧ ነበር። ሐኪም ታየች፣ ተጸለየላት፣ ምንም። በ2014 ማንተግቦሽ ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤት ልታስተምራት ተመዘገበች።

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታስተምሪያት?» ያላት ብዙ ነው። እውነትም ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ እንግሊዝኛዋም ባልዲና መጥረጊያ ከመጠየቅ እምብዛም አያልፍም። ልጅቷ ጠዋት ብቻዋን መጽሐፏን ታነባለች። እናት ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታያታለች። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ስለ ንግግር ክለቡ የነገረቻት ከመዘምራኑ አንዷ፣ ሮማነወርቅ ናት። ያራቪል ሰፈር በሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ቤታቸው የሚማሩ የክርስቲያን ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ንግግርና ክርክር ይለማመዳሉ። ንግግር ለጠፋባት ልጅ የንግግር ክለብ! ማንተግቦሽ ምን ታድርግ፣ ያልሞከረችው አልነበረምና ወሰደቻት።

ሦስት ሐሙስ ሂዊ አትሮንሱ ፊት ቆማ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ተመልሳ ተቀመጠች። መሪያቸው ካሮል የምትባል ሽበታም ሴት ናት፣ ሦስቱንም ጊዜ «እናመሰግናለን ሂዊ» ብላ አጨበጨበችላት። በአራተኛው ሐሙስ ማንተግቦሽ ጓዳ ገብታ ኩባያ ስታጥብ፣ አንዲት ልጅ ስለ ንብ ስትናገር ሰማች። ወፈር ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ። «የማን ልጅ ናት፣ እናቷ የታደለች!» ብላ አንገቷን አስግጋ ብታይ የራሷ ልጅ ናት። ድምፁ ሲጠፋ የሕፃን ነበር፣ ሲመለስ የትልቅ ሴት ሆኖ ነው የመጣው፣ በምን ትወቀው? ሳሙና በነካው እጇ አፏን ይዛ እልልታዋን ዋጠችው። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ሂዊ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ንብ አወራቻት፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳታቋርጥ። ማንተግቦሽ ግማሹ አልገባትም፣ ግድም አልሰጣትም።

በዚያ ክለብ ወላጅ ሁሉ ሥራ አለው። እንግሊዝኛ የዘለቀው ይዳኛል። ማንተግቦሽ የተሰጣት ሰዓት መያዝ ነበር። ከፊት ተቀምጣ የቀረውን ደቂቃ የሚያሳዩ ካርዶች ታነሣለች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ቀዩን። ቀዩ ከተነሣ የጀመረው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ላይ ቢሆን እንኳ ተናጋሪው አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ይህን ሥራ ወደደችው። ለቅዳሜ ውድድር ልብሷን አርብ ትተኩስ ነበር።

በ2015 መጨረሻ ለዓመቱ ውድድር የተሰጠው ርእስ «ልጆች ያረጁ ወላጆቻቸውን ቤታቸው ወስደው የመጦር ግዴታ የለባቸውም» የሚል ነበር። የቱን ወገን ይዘው እንደሚከራከሩ የሚወሰነው እዚያው በሳንቲም ስለሆነ፣ ልጆቹ ሁለቱንም ይዘጋጃሉ። ሂዊ «የለባቸውም» የሚለውን ስትለማመድ ማንተግቦሽ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች።

«ይሄኛውን ተዪው።»

«እማ፣ አይቻልም። ሳንቲም ነው የሚወስነው» አለች ሂዊ በእንግሊዝኛ።

«ምላስሽን ለሳንቲም ትሰጫለሽ?»

«ክርክር ነው እኮ! እኔ አላምንበትም።»

«አባትሽም አያምንበትም ነበር።»

ልጅቷ ዝም አለች። እናትም ያ ዝምታ አስደነገጣትና ቶሎ ተስማሙ፦ ሂዊ የእናቷን ስም ላታነሣ፣ ማንተግቦሽም ምንም ብትሰማ ምንም ላትል። ማንተግቦሽ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳንቲሙ በሌላው ፊቱ እንዲወድቅ ጸለየች።

አልወደቀም።

ሂዊ ንግግሯን አሳምራ ጨረሰች። ቀጥሎ ተቃዋሚዋ፣ አንድ ጸጉሩ ቀይ የሆነ ልጅ፣ ሊጠይቃት ተነሣ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቃት፣ ወረቀቷን እያየች መለሰች። ልጁ ብልጥ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን አመጣባት።

«የራስሽን እናት ግን የአረጋውያን መጦሪያ ታስገቢያታለሽ?»

«አላስገባትም» ብትል የገነባችው ክርክር ሁሉ መፍረሱ ነው። ሂዊ ወረቀቷን አገላበጠች፣ ከዚያ ተወችውና ቀና አለች። እስከዚያ ቀን ሰው ፊት ያለ ወረቀት ተናግራ አታውቅም።

«አዎ» አለች። «እናቴን አስገባታለሁ። እዚያ ትቻት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እና...»

ማንተግቦሽ ይቺን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። በምትሠራበት መጦሪያ፣ በየእሑዱ ሊፕስቲክ ተቀብታ በሩን የምታይ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት አለች፤ ልጇ መጥታ አታውቅም። አሮጊቷ ዓይኗ ላይ ድቅን አለችባት፣ የይድነቃቸውም ሳቅ ተከተለ። ሰዓቱ ገና ሁለት ደቂቃ ነበረው። ማንተግቦሽ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ቀዩን ካርድ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ጮኸች፦ «በኢየሱስ ስም! አልቀበልም! መልሺው! ቃልሽን አሁኑኑ መልሺው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ሂዊ እናቷን አይደለም ያየችው፣ ካርዱን ነው። ቀዩ ተነሥቷል። አፏን ዘጋች፣ ወረቀቷን ሰበሰበች፣ ተቀመጠች። ካሮል መጥታ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ስሕተት ነው፣ ሰዓቱ ይመለስልሻል፣ ከቆምሽበት ቀጥዪ አለቻት። ማንተግቦሽም ካርዱን ደረቷ ላይ ሸሽጋ «ሶሪ፣ ሶሪ፣ ሂዊዬ፣ ተናገሪ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ» አለች። ልጅቷ በቅንድቧ «አይ» አለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ሂዊ በሚቀጥለው ሐሙስ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ አንዲት ቃል የለም። ትበላለች፣ ታነባለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ እናቷ ስትገባ በር ትከፍትላለች። ቂም አይደለም፣ ቂም ቢሆንስ ይለምኑት ነበር። በጸሎት ቡድኑ አንድ ወንድም «ይህ የድዳነት መንፈስ ነው» ቢላት፣ «መንፈስ አይደለም! እኔ ነኝ!» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሥራ ቦታዋ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ታለቅስ ነበር። ከሁሉ የሚበላት ደግሞ ያ «እና» ነው። እና ምን? እና አልረሳትም? እና በየቀኑ እመጣለሁ? ወይስ እና አልመለስም? ለማወቅ የሚያስፈልጋት ሌላ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዌስት ፉትስክሬይ ባለው ቤታቸው፣ ያን የንግግር ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። ሂዊ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጣጥፋለች። ማንተግቦሽ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለችና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ማንበብ ጀመረች። ልጆች ያረጁ ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ የለባቸውም። ቃሉን ሁሉ አበላሸችው። ድሮ ሂዊ አንዱን ቃል እንኳ ሳታርማት አታልፍም ነበር። አሁን ፎጣውን አጠፈች፣ ካልሲውን አጣመረች። ማንተግቦሽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ፣ ያልተጻፈውን በገዛ አፏ ተናገረችው፣ «አልቀበልም» ሳትል።

«አዎ። እናቴን አስገባታለሁ። እዚያ ትቻት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እና...»

ጠበቀች።

ሂዊ ካልሲዎቹን አስቀምጣ ተነሣች። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና የእናቷን ግንባር ሳመች፣ በደንብ፣ ጥብቅ አድርጋ። ከዚያ የታጠፈውን ልብስ ታቅፋ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

«እና?» አለች ማንተግቦሽ ወደ በሩ። «እና ምን፣ ሂዊዬ?»