ወለተሐና የማትሰማቸው ወፎች

ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጥብቅ ደን ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አራት ዓመት ሥራዋ ችግኝ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ አፈር ትሞላለች፣ የጥድና የኮሶ ዘር ትዘራለች፣ ታጠጣለች። ባሏ ሥራ አገኘሁ ብሎ አረርቲ ወረደና እዚያው ሌላ ትዳር መሠረተ። ልጇ ሔራን ሐዋሳ አግብታ ሄደች። ወለተሐና ከደኑ በር አጠገብ በተሰጣት አንድ ክፍል ቤት ብቻዋን ቀረች።

ወፍ የማወቋ ነገር ከልጅነቷ የመጣ ነው። አባቷ ቄስ ስለነበሩ ያደገችው ጎረቤላ አካባቢ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ነው። አባቷ ቀድሰው እስኪወጡ ድረስ ቅጽሩ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ተቀምጣ ወፎቹን ታዳምጥ ነበር። ስማቸውን የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ለብዙዎቹ ራሷ ስም አወጣችላቸው።

የደኑ ኃላፊ ቃለ አብ ይህን ችሎታዋን ያወቀው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ችግኝ ላይ አጎንብሳ ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ከበላይዋ የሚያልፉትን ወፎች አንድ በአንድ ነገረችው። በዚያ ሰሞን የከተማውን ሰው ወደ ደኑ የሚያመጣ ፕሮግራም ሊጀምር አስቦ ነበር።

«እትዬ ወለተሐና፣ ይሄንን ለእንግዳ መንገር ይችላሉ?»

«ምን ብዬ?»

«አሁን ለእኔ እንደነገሩኝ።»

«ቅዳሜ በደን» የተባለው ፕሮግራም እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ይነሳል። ተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ አዲስ ሙሽሮች ሳይቀሩ በጃኬትና በጋቢ ተጠቅልለው ይመጣሉ። ወለተሐና ሁለት ሰዓት ያህል ታዞራቸዋለች። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ትልቅ ኮሶ ሥር ስትደርስ ታስቆማቸውና «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ትላለች። ለአምስት ደቂቃ ማንም አይናገርም። ከዚያ የተሰማውን ድምፅ ሁሉ በየስሙ ትጠራላቸዋለች። ሰው የሚወደው ይህንን ነበር። እሷም እንደዚያው። ከእሁድ እስከ ዓርብ ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር የምታወራው ሰው የላትም። ቅዳሜ ግን ሰው ሁሉ አፏን ያያል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ደኑ ጭር ያለ መሰላት። ብርዱ ነው አለች። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር ገባ፤ ጭርታው አልለቀቀም።

በዚያ ጊዜ ጋሽ ጃፈር የሚባሉ ሰው በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። አልዩ አምባ ላይ በርበሬና ጥጥ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ደብረ ብርሃን ወንድ ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። «ቤቱ በሰው የተሞላ ነው፤ እኔ ግን የምቀመጥበት ጠፋኝ» ብለዋት ነበር አንድ ጊዜ።

አንድ ቅዳሜ ኮሶው ሥር ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ወይዘሮ ወለተሐና፣ ያቺ እንደ መርፌ የቀጠነች ድምፅ የማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

«የቷ?»

«ይቺው፣ ከራሳችን በላይ ያለችው! አሁንም ጠራች።»

ወለተሐና ቀና አለች። ቅጠሉ ሲነቃነቅ አየች እንጂ ምንም አልሰማችም።

«ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሲፋተግ ነው» አለች።

ጋሽ ጃፈር ትኩር ብለው አዩዋትና «እንዲያ ነው?» ብለው ተዉት። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ደኑ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄደች። ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀላትና ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን እንድታነሳ ነገራት። መጀመሪያ ላይ አነሳች። ከዚያ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

«ጨርሰናል» አላት ማዳመጫውን እያወለቀ። «የሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ቢያደርጉ የሰው ንግግር በደንብ ይሰማዎታል። የሄደው በሙሉ ግን አይመለስም።»

ለማንም አልተናገረችም። ሔራን ደውላ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስትላት «መስመሩ ነው» እያለች ስልኩን ቶሎ ትዘጋለች። ቅዳሜም ኮሶውን ዝም ብላ እያለፈች እንግዶቿን ወደ ገደሉ አፋፍ መውሰድ ጀመረች፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ያያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ማንም አላጉረመረመም። ጋሽ ጃፈር ብቻ ኮሶው ዘንድ ሲደርሱ ጥቂት ቆም ይሉና ይከተላሉ።

መጋቢት ላይ ሠላሳ ያህል መምህራን መጡ፤ ጋሽ ጃፈርም እንደ ልማዳቸው ነበሩ። ቃለ አብም አብሯቸው ነበር። ኮሶው ጋ ሲደርሱ፣ «እትዬ፣ ማዳመጡን እንዳይዘሉት፤ ለእሱ ብለው ነው የመጡት» አላት።

ማምለጫ አልነበራትም። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች።

ሁሉም ጨፈኑ። እሷ ግን ዓይኗን ገልጣ ቆመች። ነፋሱን ትሰማለች፤ ሩቅ የሚያልፍ መኪና ትሰማለች። ሌላ ምንም የለም። ፊታቸውን አየች። አንዷ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ከጎኗ ያለው ሰውዬም ፈገግ አለ። ደግሞ ሁሉም እንደተነጋገረ ሰው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ። ወለተሐና ወደዚያው ዞረች። ባዶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ በገዛ ደኗ ውስጥ፣ እንደዚያን ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም።

አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ አንዲት መምህርት «ያ መጨረሻ ላይ የነበረው ምንድን ነው? እንዴት ደስ ይላል!» አለች።

ወለተሐና «ቅርንጫፍ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ከጋሽ ጃፈር ጋር ሲገጥም ተወችው።

«አልሰማሁትም» አለች። «ጆሮዬ ታሟል። ከኅዳር ጀምሮ አልሰማም። ጋሽ ጃፈር፣ እርስዎንም ዋሽቼዎታለሁ።»

መምህራኑ የሚያዩበት ጠፋቸው፤ ቃለ አብ መሬት መሬቱን ያያል። ጋሽ ጃፈር ከዘራቸውን ይዘው ወደ እሷ ቀረቡ።

«ድምፅዋን እኔ እንደምንም ላስመስልልዎ» አሉና ከንፈራቸውን አሹለው አፏጩ። የሽማግሌ ፉጨት ስለሆነ ወፍራምና የተቆራረጠ ነው። ቢሆንም ወጣ ገባ ማለቱን አልሳተም።

ወለተሐና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ትንሽ ናት፤ ቢጫ። በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አላት» አለች። «ብቻዋን አትሄድም። አንዷን ከሰማችሁ ሌሎቹም እዚያው ናቸው።»

ሲመለሱ ቃለ አብ ወደኋላ ቀርቶ ጠበቃት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ቅዳሜን ብትወስድብኝስ ብዬ።»

ቃለ አብ በነጋታው ያለችበት ክፍል ድረስ መጥቶ ሥራው እንደሚቀጥል ነገራት። ከዚያ ወዲህ እንግዶቹ የሰሙትን በአፋቸው ያስመስላሉ፤ እሷ ስሙን ትነግራቸዋለች። አንዳንዱ ማስመሰል አቅቶት ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ሲሄዱ ግን ሳቁ አብሯቸው ይሄዳል።

ጋሽ ጃፈር ግንቦት ላይ ሊሰናበቷት መጡ። የደጋው ብርድ ጉልበታቸውን ስለያዘው ወደ አልዩ አምባ፣ ሴት ልጃቸው ሌይላ ዘንድ ሊወርዱ ነው።

«ስልክሽን ስጪኝ፤ እደውላለሁ» አሉ። አንቺ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ስልክ ላይ ሰው አልሰማም፣ ጋሽዬ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እስካሁን አልመጡም።

ሔራን እውነቱን ስትሰማ አለቀሰች፤ አዲስ አበባ ድረስ ወስዳም መሣሪያውን አስገጠመችላት። አሁን የሰው ንግግር ይሰማታል፤ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብም ይጮህባታል። ትንንሾቹን ቢጫ ወፎች ግን አልመለሰላትም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ሥራ ቀለል ሲላት፣ ኮሶው ሥር ሄዳ ትቀመጣለች። እየተንጫጩ ይመጣሉ፣ ማለት አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጉሮሯቸው ሲርገበገብ ታያለች። እስኪሄዱ ትጠብቅና ተነስታ ወደ ችግኞቿ ትመለሳለች።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ ስድስት ሰው ተመዝግቧል።