የጋሼ መሀረብ ሳቅ

«ጋሼ መሀረብ» የሚሏቸው ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ዛሬ የሚያስታውሰው የመታወቂያ ወረቀታቸው ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስቂኝ ፊልም ሲሠሩ፣ ቀረጻ ሊጀመር ሲል ከኪሳቸው ነጭ መሀረብ ያወጡና አፋቸው ውስጥ ይወትፉታል። ለምን ቢባል፣ ሳቃቸው ጉድ ነው! ከሆዳቸው ይነሳና ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። በመጀመሪያው ፊልማቸው ምርጡን ትዕይንት በሳቃቸው ድራሹን ቢያጠፉት፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረው የድምፅ ባለሙያ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለና የገዛ መሀረቡን ዘረጋላቸው። «ይንከሱት! እባክዎ ይንከሱትና እንሥራበት!» አላቸው። ነከሱት። ከዚያ ወዲህ መሀረብ ሳይዙ ቀረጻ ገብተው አያውቁም።

ሙያውን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው እንዳይመስላችሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም አጫዋች ነበሩ። ሰው ሁሉ ሸራውን ሲያይ እሳቸው ከማጫወቻው ክፍል፣ በዚያች የእጅ መዳፍ በምታህል መስኮት የተመልካቹን ማጅራት ያያሉ። የቱ ጋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ? የቱ ጋ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞረ? ይህንኑ በደብተር ይጽፋሉ። በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ አንድ ቀን ደብተሩን አግኝታ አነበበችውና «አንተ፣ ሰው ፊልም ያያል፣ አንተ ማጅራት ታያለህ?» ብላ ሳቀችባቸው። በዓመቱ ተጋቡ።

ስለ ሥራቸው ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ተቆጥተው ነው። «ወድቆ የሚጮህ ሰው አያስቀኝም» ይላሉ። «ወድቆ ሲያበቃ፣ ድሮም እዚያው ሊቀመጥ ያሰበ ይመስል ኮቱን የሚያስተካክለውን አምጡልኝ!» አንድ ተዋናይ ሊያስቅ ሲፍጨረጨር ካዩማ ደማቸው ይፈላል። «ማን አስቀኝ አለህ? በር ክፈት ከተባልክ በሩን ከልብህ ክፈት። ሳቁ የእኔ ጣጣ ነው!» ይህን ቁጣ ከማንም በላይ የጠገበው አብሮ አደጋቸውና ዋና ተዋናያቸው በርሜሉ ነው። ሆዱን ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

መሀረቡን የምታጥበው ሚስታቸው ነበረች። ከሥራ ሲገቡ እንዴት ዋልክ የለ፣ ምን የለ፤ መሀረቡን ትቀበላቸውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ የጥርስ ቀዳዳ ትፈልጋለች።

«ዛሬ ስንቴ ነከስከው?»

«ሰባቴ።»

«በል እንግዲያው ፊልም አለህ።»

ከዚያ ቀዳዳውን በነጭ ክር ትጥፍና ተኩሳ ታጥፈዋለች። ዝም ብለው የገቡ ቀን ደግሞ አትጠይቅም፤ ወጧን ጨምራ ታቀርብላቸዋለች። ባለፈው ዓመት ታመመች፤ ብዙም አልቆየች። አልጋ ከመያዟ በፊት የጣፈችው የመጨረሻው መሀረብ እንደተተኮሰ፣ እንደታጠፈ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

አሥራ አራተኛውን ፊልም የጀመሩት ልጃቸው ጎትጉታቸው ነው። ረዳታቸው እሷ ናት። ሥራው ተጀመረ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አሥር ቀን። ምን ዋጋ አለው! በርሜሉ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ባልዲ ውስጥ እግሩ ይገባል፤ ጋሼ መሀረብ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ፊታቸውን አስረው ያያሉ። መሀረቡን ከኪሳቸው አንዴም አላወጡትም። የድምፅ ባለሙያው፣ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል፣ ማዳመጫውን አድርጎ የሚጠብቀው የተዋናዩን ድምፅ ሳይሆን ከበስተኋላው የምትመጣውን የታፈነች የሳቅ ሲር ሲር ነበር። ጭጭ።

በአሥረኛው ቀን ልጃቸውን ጠርተው ወንበር ሳቡላት። «ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ ያልሳቅሁበትን ፊልም ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዲያይ አላደርግም። ነገም እንዲሁ ከሆነ እዚህ ላይ ይበቃኛል። ፊልሙም፣ ሥራውም።»

«አባዬ…»

«አልተቆጣሁም እኮ። ሳቄ ከናትሽ ጋር ሄዶ ከሆነ ምን አደርጋለሁ?»

ልጅቷ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። በልቧ ግን አንድ ነገር ይዛ ነበር፤ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ይዛዋለች፣ ለማንም አልተነፈሰችውም። አባቷን ሳያውቁ አይታቸው ስቃባቸዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት አንሶላ የሚያጥፉት አብረው ነበር። ሁለት ሁለት ጫፍ ይይዛሉ፣ ይወጥራሉ፣ አንዳቸው ወደ ሌላቸው ይራመዳሉ፤ ሲገናኙ ሚስት ጫፎቹን ተቀብላ የባሏን አፍንጫ በጣቷ መታ ታደርገዋለች። ልጅቷ ያን ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አባቷ አንሶላውን ብቻቸውን ሊያጥፉ ይታገላሉ። አንዱን ጎን በቁም ሣጥኑ በር ቆልፈው ወደ ኋላ ሲሄዱ በሩ ይከፈትና አንሶላው ይወድቃል። መልሰው ይቆልፉታል። ይወድቃል። በሦስተኛው ቁም ሣጥኑ ላይ ጮኹበት፦ «ያዢው እንጂ!» ወዲያው ደነገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅርታ» አሉት። በአራተኛው ያዘ። ጫፋቸውን ከፍ አድርገው፣ ቀስ ብለው እስከ ቁም ሣጥኑ ተራመዱ። እዚያ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑና አፍንጫቸውን ወደፊት ሰጡ። እንዲሁ ቆሙ። ልጅቷ መጀመሪያ በእጅጌዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሳትገባ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት፣ የመጨረሻው ቀን፣ በርሜሉን ጥግ ወስዳ ይህንኑ ነገረችው። በርሜሉ ሰምቶ ሲጨርስ ሆዱን ያዘ፤ ግን አልሳቀም።

«ቢያዝንብኝስ?» አለ። «የልጅነት ጓደኛዬ ነው።»

«ቢያዝን በእኔ ይዘን፣ ጋሼ። ብቻ ሊያስቁት እንዳይሞክሩ።»

«ኧረ አላብድም! አንሶላ አምጪልኝ።»

ባልዲው ተነሳ፤ በምትኩ የቀረጻው ቁም ሣጥን ቀረበ። ጋሼ መሀረብ ለምን ብለው እንኳን አልጠየቁም፤ «ቀጥሉ» አሉ ብቻ። በርሜሉ አንሶላውን በቁም ሣጥኑ በር ቆለፈ፣ ሄደ፣ ወደቀበት። ቆለፈ፣ ወደቀበት። «ያዢው እንጂ!» ሲል ጮኸበት። ጋሼ መሀረብ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ልጃቸው ከኋላ ቆማ ጀርባቸውን ታያለች። «ይቅርታ» አለ በርሜሉ ቁም ሣጥኑን፣ ከልቡ። ጫፎቹን ይዞ ተራመደ። ደረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። አፍንጫውን ሰጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አልጻፈውም። ቁም ሣጥኑ የተዋሱት አሮጌ ዕቃ ነው፤ ማጠፊያው ከረገበ ቆይቷል። በሩ ሲጥ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በገዛ እጁ ተከፈተና የበርሜሉን አፍንጫ መታ አደረገው።

ጋሼ መሀረብ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ አልደረሱም። ያ ሳቅ መጣ! ከሆዳቸው ተነስቶ መብራቱን የተሸከመውን ብረት አንቀጠቀጠው። ወንበሩን ትተው መሬት ተቀመጡ። ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ደግመው ሳቁ። «አገኘችህ!» አሉ በርሜሉን እየጠቆሙ። «አገኘችህ!» የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫው ጆሮውን ሊያደነቁረው ደርሶ አላወለቀውም። ያለቅሳል።

ሲረጋጉ ልጃቸውን ፈለጓት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ቅዳሜ በበሩ አየሁህ። ይቅር በለኝ፣ ሳቅሁብህ።»

«ሳቅሽ? በደንብ?»

«ሆዴን እስኪያመኝ።»

«ታዲያ ይህን አይተሽ ስድስት ቀን ሙሉ ባልዲ ታስረግጪናለሽ?» አሉና አቀፏት።

የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አወለቀ። «ጋሼ፣ ድምፁ ተበላሽቷል። ሳቅዎ ከዳር እስከ ዳር ገብቶበታል። እንድገመው?»

ጋሼ መሀረብ በሩን አዩት፤ አሁንም ትንሽ ይወዛወዛል። አሥራ ሦስት ፊልም ሠርተዋል፤ በአንዱም ውስጥ ድምፃቸው የለም።

«ይቅር» አሉ። «እዚያው ይሁን።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አባትና ልጅ ቤት ገቡ። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፣ እናቷ ትዘረጋው እንደነበረው። «ዛሬ ስንቴ ነከስከው?»

መሀረቡን አውጥተው ሰጧት። እንደታጠፈ ነው። ነጩ ክር ሳይላላ፣ የካውያው መስመር ሳይጠፋ። «አልነካሁትም» አሉ። «አፌን ከፍቼ ነው የሳቅሁት።»

እሷም መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ከገመዱ ላይ የደረቀውን አንሶላ አወረዱና ሁለት ሁለት ጫፍ ያዙ። ወጠሩት፣ ተራመዱ፣ ተገናኙ። አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ጫፎቹን ተቀበለቻቸውና አፍንጫቸውን በጣቷ መታ አደረገችው።